ሦስት ሳጅን፣ አንድ የዱቤ ደብተር፦ የፖሊስ ደሞዝ ስኬል የሚወጣው የት ነው?

ባለሱቁ፦

ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሥር አንዲት ሱቅ አለችኝ። ዘይት፣ ፓስታ፣ ሳሙና፣ ሻማ፣ ያው የሰፈር ሱቅ። እንደሌላው ሰፈር እዚህም ከጥሬ ገንዘብ ዱቤው ይበዛል። ደብተሬ ላይ ካሉት ደንበኞች ሦስቱ ፖሊስ ናቸው። ሦስቱም ሳጅን። አንዱ የአዲስ አበባ ፖሊስ ነው። አንዱ ፌዴራል ነው። አንዱ ኦሮሚያ ፖሊስ ሆኖ ሸገር ከተማ ይሠራል። ሁለቱ እንዲያውም አንድ ብሎክ ላይ ነው የሚኖሩት።

ባለፈው እሁድ ሦስቱ ሱቄ በር ላይ ገጠሙ። የለስላሳ ሳጥን ገልብጠው ተቀመጡ። ጨዋታው ከኳስ ተነስቶ ኑሮ ላይ ደረሰ። ከዚያ አንደኛው "አንተ ስንት ይደርስሃል?" አለ። ሦስት የተለያየ ቁጥር ወጣ። እኔ ሚዛን ላይ ስኳር እየሰፈርኩ ጆሮዬን ቀስሬያለሁ።

ክርክሩ የጀመረው ያኔ ነው። አንዱ "ደሞዛችን በአዋጅ የተወሰነ ነው" አለ። ሁለተኛው "ምን አዋጅ? የሚያወጣው ኮሚሽኑ ነው" አለ። ሦስተኛው ሳቀና "እኔ የማውቀው ደብዳቤ ሲመጣ ነው" አለ። ሳይስማሙ ተለያዩ። ሒሳቡንም ሳይከፍሉ።

ጥያቄዬ ይኸው፦ ማዕረጉ አንድ ሆኖ ደሞዙ የሚለያየው ለምንድነው? ሕጉ ላይ የደሞዝ ሠንጠረዥ አለ ወይስ የለም? እባካችሁ "ደሞዛቸው አይበቃም" ብላችሁ ብቻ አትለፉ። እሱን ደብተሬም ያውቀዋል።

ተከራይ ነኝ፦

ደሞዛቸው አይበቃም።

ባለሱቁ፦

ኧረ ተው ወንድሜ!

አወያይ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ የማንንም ስም፣ የጣቢያ ስም፣ ወይም የግለሰብ ደሞዝ አትጻፉ። ሒሳብ ማሳየት የሚፈልግ በግምት ቁጥር ያሳይ።

ሰነፍ ጠበቃ፦

ባለሱቁ፣ የሚገርምህ ሦስቱም ትንሽ ትንሽ ልክ ናቸው። ዝሆኑን እንደዳሰሱት ዓይነ ስውራን ነው የሆኑት።

ከላይ ልጀምር። ሕገ መንግሥቱ ፖሊስን ለሁለት ከፍሎታል። አንቀጽ 51 የፌዴራል ፖሊስን ማቋቋምና ማስተዳደር ለፌዴራል መንግሥት ይሰጣል። አንቀጽ 52 ደግሞ ክልል የራሱን ፖሊስ ያደራጃል፣ ይመራል ይላል። ስለዚህ የፌዴራሉ ሳጅንና የኦሮሚያው ሳጅን የማዕረግ ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ አሠሪያቸው አንድ አይደለም። የአንዱ ሕግ የሚወጣው ከተወካዮች ምክር ቤትና ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። የሌላው ከጨፌ ኦሮሚያና ከክልሉ መስተዳድር ምክር ቤት። የመጀመሪያው ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ይታተማል፣ ሁለተኛው መገለታ ኦሮሚያ ላይ።

የአዲስ አበባው ትንሽ ይጠማዘዛል። በ1995 የወጣው የከተማዋ ቻርተር፣ አዋጅ ቁጥር 361፣ ከተማዋ የራሷ መንግሥት እንዲኖራት አድርጓል። ፖሊሱን ግን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀላትም፤ ወደ ፌዴራል የሚያይ ተጠሪነት አለው። አንድ እግሩ ማዘጋጃ ቤት፣ አንድ እግሩ ፌዴራል። የዚህ ሰፈር ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፣ እኛም ራሳችን አንድ እግራችን እዚህ አንዱ እዚያ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። የፌዴራል ፖሊስ ኮሚሽንን ያቋቋመው የ2004ቱ አዋጅ ቁጥር 720 ነው። ገልጠህ ብታነበው "ሳጅን ይህን ያህል ብር ያገኛል" የሚል መስመር የለም። አዋጅ የሚነግርህ ማን እንደሚወስን ነው። የአባላቱን አስተዳደር ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይተወዋል። ደንቡ ስለ ቅጥር፣ ስለ ማዕረግ፣ ስለ ዕድገት፣ ስለ ዲሲፕሊን ይዘረዝራል። ብሩ ያለበት ሠንጠረዥ ደግሞ ከዚያ በታች ነው። ተቋሙ ያጠናል፣ መንግሥት ያጸድቃል፣ በጀት ይያዝለታል፣ ከዚያ በደብዳቤ ይወርዳል።

"ደብዳቤ ሲመጣ ነው የማውቀው" ያለው ሰውዬ በእኔ እምነት ከሦስቱ በደንብ የገባው እሱ ነው።

ባለሱቁ፦

እሱ ነው ብዙ ዱቤ ያለበት።

ተከራይ ነኝ፦

አንድ ነገር አልገባኝም። መንግሥት በ2017 ለሠራተኛ ጨምሯል፣ በ2018 መስከረም ደግሞ ደገመ። ሬዲዮው ሁሉ ያወራው ነበር። ዝቅተኛው 6,000 ብር ገባ፣ ዲግሪ ይዞ የሚቀጠር 11,500 ሆነ ተብሎ የለም? እሱ ፖሊስን አይነካም?

ፔሮል ሠሪዋ፦

እኔ መንግሥት መሥሪያ ቤት ፋይናንስ ነው የምሠራው፣ የፖሊስ አይደለም። ግን ይህን ጥያቄ ከጎረቤት ጀምሮ ሁሉም ይጠይቀኛል።

ያ የሰማኸው የሲቪል ሰርቫንቱ ሠንጠረዥ ነው። ዝቅተኛው በ2017 ጥቅምት ከ1,100 ወደ 4,760 ወጣ፣ ከዚያ ከ2018 መስከረም ጀምሮ 6,000 ሆነ። ጣሪያው ከ21,492 ወደ 39,000 ሄደ። ግን የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ራሱ "የመንግሥት ሠራተኛ" የሚለውን ቃል ሲተረጉም መከላከያንና ፖሊስን አውጥቷቸዋል። በ2017 በአዲስ አዋጅ የተተካው የ2010ሩ 1064 ላይ በግልጽ ተጽፎ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም፣ የ2011ዱ 1156፣ ፖሊስን አይመለከትም፤ በልዩ ሕግ ይተዳደራሉ ብሎ አልፏቸዋል።

ስለዚህ ፖሊስ ከሁለቱም ቤት ውጭ ነው። በሬዲዮ የተነገረው ሠንጠረዥ ስሙ ያለበት ሠንጠረዥ አይደለም። የእሱ በራሱ መንገድ፣ በራሱ ቀን ነው የሚመጣው። ሰፈር ውስጥ ግን ይህን ልዩነት ማንም አይሰማም። "ደሞዝ ተጨመረ" ከተባለ ለሁሉም ተጨምሯል ነው።

የሳጅን ሚስት፦

እሷ ልክ ናት! በሬዲዮ በተነገረ በሦስተኛው ቀን አከራዬ በሩን አንኳኳ። "እንኳን ደስ አላችሁ" አለኝ። ለምን እንደሆነ መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ "ያው ኑሮውም እንደምታውቂው ነው" ብሎ ቀጠለ። የባለቤቴ ደብዳቤ ገና አልመጣም ብለው ሊያምነኝ አልቻለም። የደበቅን መሰለው።

ሰነፍ ጠበቃ፦

እህቴ፣ ኪራዩን በፈለገ ቀን መጨመር አይችልም። የ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል፣ ጭማሪውም መንግሥት በሚያወጣው ጣሪያ ነው። ውላችሁ ተመዝግቧል?

የሳጅን ሚስት፦

ተመዝግቧል። ይህንኑ ነግሬው "ቀልዴን ነው" አለ። ቀልዱ ግን ሁለት ሳምንት ቆየ።

የድሮው አባዲና፦

ልጆች፣ ከጡረታ የምጽፍ አሮጌ ፖሊስ ነኝ። ቡራዩ ነው የምኖረው። ዓይኔ ስለደከመ የልጅ ልጄ ነው የሚተይብልኝ፣ ፊደል ከተሳሳተ በእሱ ነው።

የእኛን ዘመን ልንገራችሁ። ዘመናዊው ፖሊስ በሕግ የቆመው ጣሊያን ከወጣ በኋላ በ1934 በወጣው የፖሊስ አዋጅ ነው፣ ቁጥር 6። ያኔ ፖሊስ አንድ ነበር፣ አገር ግዛት ሥር። የፌዴራል፣ የክልል የሚባል የለም። ማዕረጉም የጦር ሠራዊቱ ነበር፦ አሥር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ ሻምበል፣ ሻለቃ። ኮልፌ አባዲና ስንሰለጥን አለቃችን ኮሎኔል ነበሩ። አሁን ያለው ኮንስታብል፣ ረዳት ሳጅን፣ ምክትል ሳጅን፣ ሳጅን፣ ዋና ሳጅን፣ ኢንስፔክተር፣ ኮማንደር የሚባለው በኋላ የመጣ ነው።

ደሞዝ በእጅ ነበር የሚከፈለን። ገንዘብ ያዡ ጠረጴዛ ዘርግቶ ይቀመጣል። ስምህ ሲጠራ ሰላምታ ሰጥተህ፣ ፈርመህ፣ ትቀበላለህ። ከአንተ በፊት የተሰለፈው ስንት እንደተቆጠረለት በጆሮህ ትሰማለህ። የሚደበቅ ነገር አልነበረም። ሃምሳ አለቃ ሃምሳ አለቃ ነው፣ ጎንደርም ቢሆን ሐረርም ቢሆን። ዛሬ በባንክ ሆነና አንዱ የአንዱን የሚሰማው የባለሱቁ በር ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ስለ ደሞዝ ስትከራከሩ የወር ገቢውን ብቻ አትዩ። ፖሊስ ሁለት ደሞዝ ነው ያለው፣ አንዱ አሁን የሚበላው፣ ሌላው ሲያረጅ የሚበላው። ሁለተኛውን የሚወስነው ሌላ አዋጅ ነው፣ እሱ ላይ ደግሞ ሦስቱም ሳጅኖች እኩል ናቸው።

ባለሱቁ፦

ጋሼ፣ እባክዎ ይቀጥሉ። የልጅ ልጅዎንም አመስግኑልኝ።

የድሮው አባዲና፦

የጡረታው አዋጅ ነው የምልህ። ለእኔ የሠራው የድሮው ነበር፣ አሁን ያለው በ2014 የወጣው 1267 ነው። ከደሞዙ 7 በመቶ ከፖሊሱ ይቆረጣል። ይህ እንደ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ልዩነቱ መንግሥት የሚጨምረው ላይ ነው። ለሲቪሉ 11 በመቶ ያዋጣል፣ ለፖሊስና ለወታደር 25 በመቶ።

አበሉ ሲሰላ ደግሞ እንዲህ ነው። አሥር ዓመት ያገለገለ ሰው ከመጨረሻ ሦስት ዓመት አማካይ ደሞዙ 30 በመቶ ያገኛል። ከአሥር በላይ ለሚያገለግለው ለእያንዳንዱ ዓመት ለሲቪሉ 1.25 በመቶ፣ ለፖሊስ 1.65 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው።

ይህ 0.40 የምትባል ልዩነት ቀላል እንዳትመስላችሁ። ፖሊስ ቶሎ ነው የሚደክመው። ሌሊት ዝናብ ላይ የቆመ ጉልበት ቢሮ ከተቀመጠ ጉልበት ጋር እኩል አያረጅም።

ፔሮል ሠሪዋ፦

ጋሼ የተናገሩትን በቁጥር ላሳይ። 25 ዓመት አገልግሎ የወጣ ሰው እንውሰድ። አማካይ ደሞዙ 10,000 ብር ነው እንበል፣ ግምት ነው። ሲቪል ከሆነ 30 ሲደመር 15 ጊዜ 1.25፣ ማለትም 48.75 በመቶ፣ በወር 4,875 ብር። ፖሊስ ከሆነ 30 ሲደመር 15 ጊዜ 1.65፣ 54.75 በመቶ፣ በወር 5,475 ብር። በወር 600 ብር ይበልጣል፣ ዕድሜ ልክ።

ጣሪያው 70 ላይ ለመድረስ ሲቪሉ 42 ዓመት መሥራት አለበት። ፖሊሱ 35 ዓመት ሳይሞላ ይደርሳል።

አሁን ሁለት ወጥመድ ልጥቀስ፣ ብዙ ሰው የማያየው።

አንደኛው፣ ጡረታ የሚሰላው በደሞዝ ነው እንጂ በአበል አይደለም። የቤት አበል፣ የኃላፊነት አበል፣ የቀለብ ብር፣ ውሎ አበል፣ አንዱም አይቆጠርም። ሁለት ሰው በወር እኩል ብር እጃቸው ሊገባ ይችላል። የአንዱ አብዛኛው ደሞዝ፣ የሌላው ግማሹ አበል ከሆነ ግን ጡረታ ሲወጡ አንዱ ያዝናል። ሦስቱ ሳጅኖች ሱቅ በር ላይ የተነጋገሩት ቁጥር የትኛው እንደነበር እግዜር ይወቀው። ጥቅል ይሁን፣ የተጣራ፣ ከአበል ጋር ይሁን ያለ አበል። እኔ ብሆን መጀመሪያ እሱን ነበር የምጠይቀው።

ሁለተኛው፣ የሦስት ዓመት አማካይ ነው። ሁለት ዓመት በ7,000 ሠርቶ የመጨረሻዋን ዓመት በ10,000 የሠራ ሰው አማካዩ 8,000 ነው፣ 10,000 አይደለም። ጭማሪ መጣ ብሎ በዓመቱ ጡረታ የሚወጣ ሰው የጭማሪውን ሲሶ ነው ይዞ የሚወጣው።

ባለሱቁ፦

ወይ ጉድ! እኔ ለካ ሁሉንም በአንድ ዓይን ነው የማየው። ደሞዝ ማለት ደሞዝ ይመስለኝ ነበር።

ፔሮል ሠሪዋ፦

ገና ነው። "ስኬል" ማለትም አንድ ቁጥር አይደለም። ለእያንዳንዱ ማዕረግ መነሻ አለ፣ ከዚያ እርከን በእርከን ይወጣል፣ መጨረሻ ላይ ጣሪያ አለ። ሳጅን ሆነህ መነሻው ላይ ልትሆን ትችላለህ፣ ወይም ሳጅንነት ላይ ብዙ ቆይተህ እርከን ቆጥረህ ልትሆን ትችላለህ። ለዚህ ነው አንድ ተቋም ውስጥ እንኳ ሁለት ሳጅን እኩል የማይበላው። ባለሱቁ፣ ሦስቱን "ሳጅን ከሆናችሁ ስንት ዓመታችሁ?" ብለህ ጠይቃቸው። ግማሹ ክርክር እዚያ ያልቃል።

ወያላው፦

እኔ የማውቀው ፖሊስ ታክሲ ውስጥ ሲገባ ሒሳብ እንደማልጠይቅ ነው። ስኬሉ ላይ እሱም ተጽፏል?

የሳጅን ሚስት፦

ባለቤቴ ይከፍላል። እኔ አብሬው ስሆን ደግሞ ለሁለታችን ይከፍላል። አንዳንድ ረዳት አልቀበልም ብሎ ሲያሳፍረው አይቻለሁ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየዋል።

ወያላው፦

ይቅርታ እህቴ፣ ለመቀለድ ነው። ግን የምሬን ልጠይቅ። ደሞዝ ቢጨመር የመንገድ ላይ እጅ መንሻ ይቀራል?

የድሮው አባዲና፦

ልጄ፣ ረሃብ ሌባ ያደርጋል፣ ጥጋብ ግን ሁልጊዜ ጨዋ አያደርግም። ደሞዙ የተሻለ ኃላፊ ሲበላ አይቼ አውቃለሁ። እንቁላል ለልጁ መግዛት ያቃተው ተራ ፖሊስ አምስት ሳንቲም ሳይነካ ጡረታ ሲወጣም አይቻለሁ። ግን ሰው ኪራይ መክፈል አቅቶት መንገድ ላይ ካቆምከው ፈተናው በየቀኑ ነው። በየቀኑ ማሸነፍ ያደክማል።

ለንደን ያለሁት፦

ሰላም ከርቀት። ያደግኩት ሳሪስ ነው፣ አሁን እንግሊዝ ነኝ። ይህን ክር ሳነብ እዚህ የሆነ ነገር ትዝ አለኝ።

እንግሊዝም ድሮ እንደዚሁ ነበረች። እያንዳንዱ ከተማና አውራጃ የራሱን ፖሊስ በራሱ ዋጋ ይቀጥር ነበር። ወንዝ ተሻግረህ ደሞዙ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1918 የለንደን ፖሊሶች ሥራ አቆሙ። በ1919 እንደገና ሞከሩ፣ በተለይ ሊቨርፑል ላይ። በዚያ ሁለተኛው የወጡት በሙሉ ተባረሩ፣ አንድም አልተመለሰም። መንግሥት በዚያው ዓመት ሁለት ነገር አደረገ። አንድ ኮሚቴ አቋቁሞ ደሞዙ በአገር ደረጃ ወጥ እንዲሆንና ከፍ እንዲል አደረገ። በሌላ በኩል በሕግ ፖሊስ የሠራተኛ ማኅበር አባል እንዳይሆን ከለከለና በምትኩ የራሱ ፌዴሬሽን ፈጠረለት። አንዱን ሰጠ፣ ሌላውን ወሰደ ማለት ነው።

ዛሬ እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ 43 የፖሊስ ኃይሎች አሉ። እያንዳንዱ የራሱ አዛዥ፣ የራሱ በጀት አለው፣ የደሞዝ ስኬሉ ግን አንድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ አንድ ገለልተኛ ቡድን በየዓመቱ ማስረጃ ሰምቶ ለአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ምክረ ሐሳብ ያቀርባል። ሪፖርቱ ይታተማል፣ ማንም ሰው ያነበዋል። ሠንጠረዡም በይፋ ነው፣ ኮንስታብል በስንት ዓመቱ ስንት እንደሚያገኝ ጎረቤቱም ማየት ይችላል። ለንደን የሚሠራ ደግሞ ከተማው ውድ ስለሆነ ተጨማሪ አለው።

ኮዬ ፈጬ ላይ ለምን እንዲህ አይሆንም?

ሰነፍ ጠበቃ፦

ጥሩ ነው ያመጣኸው፣ ግን እንደዚያው ገልብጠን አናመጣውም። የእናንተ አውራጃ ክልል አይደለም። እኛ ጋ ክልል ፖሊሱን የማስተዳደር ሥልጣን በሕገ መንግሥት ነው ያለው፣ ወጪውንም ራሱ ይሸከማል፤ አንቀጽ 94 የየራሳችሁን ወጪ የየራሳችሁ ቻሉ ነው የሚለው። ፌዴራል መንግሥት ተነስቶ "የሁላችሁም ሳጅን ይህን ያህል ይብላ" ቢል ክልሉ "ብሩን ማን ያመጣል?" ይላል። ጥያቄውም ተገቢ ነው።

ሆኖም ያው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 52 ላይ አንድ ገመድ ትቷል። ክልሎች ስለ ሠራተኞቻቸው ሲያወጡ ለሥራው የሚጠየቀው የትምህርት፣ የሥልጠናና የልምድ መስፈርት ከአገር አቀፉ ጋር የተቀራረበ ይሁን ይላል። ስለ መስፈርት እንጂ ስለ ብር አይደለም። ግን ለሳጅንነት የሚጠየቀው ተቀራራቢ ከሆነ የሚከፈለውም ቢቀራረብ ማን ይጠላል?

ስለ ማኅበሩ ያነሳኸው ግን ዋናው ነገር ይመስለኛል። የእኛው አንቀጽ 42 ሠራተኛ በማኅበር የመደራጀት መብት አለው ይላል፣ የትኛው የመንግሥት ሠራተኛ በዚህ እንደሚጠቀም ደግሞ በሕግ ይወሰናል ብሎ ይተወዋል። ፖሊስ የሚደራደርለት የለውም። መምህር ማኅበር አለው፣ ፖሊስ ያለው ሰልፍ ላይ የሚሰማው መመሪያ ነው። የእንግሊዙ መንግሥት የሠራተኛ ማኅበሩን ሲከለክል ቢያንስ በምትኩ የሆነ ነገር ሰጥቷል።

ተከራይ ነኝ፦

ፖሊስ ሥራ ያቁም ልትል ነው?

ሰነፍ ጠበቃ፦

ኧረ በስማም! መሣሪያ የታጠቀ ሰው ሥራ ሲያቆም ማየት አልፈልግም። እኔ ያልኩት ሠንጠረዡ ይታተም፣ ከመጽደቁ በፊት የሚመለከተው ሰው ይደመጥ ነው። ሳጅኑ የራሱን ስኬል ከለስላሳ ሳጥን ላይ መስማት የለበትም።

ተከራይ ነኝ፦

እሺ እስማማለሁ። ግን "ለከተማው ውድነት ተጨማሪ" የሚለውን እኔ አልደግፍም። ለፖሊስ የኪራይ ብር ቢጨመር አከራይ ያው ያንኑ ነው የሚጠብቀው። ከዚያ ፖሊስ ያልሆንን ተከራዮችም አብረን እንከፍላለን።

የሳጅን ሚስት፦

እሱስ እውነት ነው። እኔ ከብሩ ይልቅ ቤት ቢሰጡን እመርጣለሁ። ካምፕም ቢሆን።

የድሮው አባዲና፦

ካምፕ ኖረሻል? እኔ ኖሬያለሁ። ኪራይ የለም፣ ግን ባልሽ ዕረፍት ላይ ሆኖ አለቃው በር ላይ ይመጣል። ልጆቼ ካምፕ ነው ያደጉት፣ ጥሩንባ ሲሰሙ እስከ ዛሬ ይነሳሉ።

ለንደን ያለሁት፦

ጋሼ፣ ሳቅኩ!

ወያላው፦

ግብሩስ? እኔ ሰው ሁሉ "ግብር በላው" ሲል ነው የምሰማው።

ፔሮል ሠሪዋ፦

ግብር ላይ ፖሊስ ልዩ ነገር የለውም፣ እንደ ሁላችንም ነው። ከ2017 ሐምሌ ጀምሮ አዲሱ የገቢ ግብር ማሻሻያ ይሠራል። እስከ 2,000 ብር ከግብር ነጻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው በደረጃ 15፣ 20፣ 25፣ 30 ይሄዳል፣ ከ14,000 በላይ ላለው 35 በመቶ።

ያቺን የግምት 10,000 ብር እንቁረጣት። ግብሩ 1,650 ነው። ጡረታው 700። እጅ የሚገባው 7,650። በድሮው ሕግ ግብሩ ብቻ 2,045 ነበር፣ ስለዚህ 395 ብር ተርፏል። ከዚያ የቁጠባና ብድር ማኅበር ካለ ይቆረጣል፣ ብድር ካለም ይቆረጣል።

የባለሱቁ ዱቤ ግን ፔሮል ላይ የለም። እሱ የሚከፈለው ከቀሪው ነው።

ባለሱቁ፦

እሱን በደንብ አውቀዋለሁ።

የዛሬውን ልንገራችሁ። ትናንት ማታ ሁለቱ መጡ፣ የአንድ ብሎኮቹ። ስልኬን ሰጥቻቸው ይህን ክር ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ከዚያ ፔሮል ሠሪዋ ያለችውን ጠየቅኳቸው፣ "ሳጅን ከሆናችሁ ስንት ዓመታችሁ?" አልኩ። አንዱ ሁለት ዓመቱ ነው። ሌላው ሰባት። ከሁለቱ መሃል የነበረው ልዩነት ወዲያው ግማሽ ሆነ። ቀሪው ደግሞ አንዱ አበሉን ደምሮ፣ ሌላው ተቆርጦ የደረሰውን ብቻ ሲናገር ነው የመጣው። ሁለት ጎልማሳ ሰዎች እሁድን ሙሉ የተጨቃጨቁት አንዱ ጥቅሉን፣ ሌላው የተጣራውን እየጠራ ነበር!

አንደኛው የማዕረግ ደብዳቤውን ፎቶ ከስልኩ አወጣ። ቀኑንና የደሞዙን ወረቀት ሲያስተያይ አንድ ወር የጎደለ መሰለው። የትኛው ተቋም እንደሆነ አልናገርም። ሰኞ ፋይናንስ ሄጄ እጠይቃለሁ ብሏል።

ፔሮል ሠሪዋ፦

ደብዳቤው ላይ ሁለት ቀን ይኖራል። የተጻፈበት ቀንና ዕድገቱ የሚጸናበት ቀን። የሚቆጠረው ሁለተኛው ነው። ኮፒ ይዞ ይሂድ፣ በቃል አይከራከር። ከሥራ ዘመኑ ከፋይሉ ላይ የጎደለች አንዲት ወር ጡረታ ላይም ልትከተለው ትችላለች።

የድሮው አባዲና፦

ዩኒፎርሙንም ለብሶ አይሂድ። ፋይናንስ ሰው ዩኒፎርም ሲያይ ይቆጣል።

ፔሮል ሠሪዋ፦

ጋሼ! እኛ እንደዚያ አይደለንም።

የድሮው አባዲና፦

አንቺ አይደለሽም ይሆናል።

የሳጅን ሚስት፦

ባለሱቁ፣ ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ አንድ ጥያቄ አለኝ። ምስር ክክ ገብቷል?

ባለሱቁ፦

ገብቷል እህቴ። ሁለት ኪሎ አስቀምጬልሻለሁ። የባለቤትሽን ገጽ ግን መጀመሪያ እንየው።